ጌልሰን ፈርናንዴዝ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ስሙ ለምን ደጋግሞ ይመጣል?

ሰኔ 9 ቀን 2002 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ጁን 16 2010፣ ደርባን፣ ሞዘስ ማቢዳ ስታዲየም። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው ጨዋታው የጀመረው። ስፔን የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆና ነው የመጣችው፣ ካሲያስ፣ ፑዮል፣ ፒኬ፣ ዣቪ፣ ኢኒየስታ ሁሉም ሜዳ ላይ ናቸው፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ስፔንን አንድም ጊዜ አሸንፋ የማታውቅ ቡድን ናት። 52ኛው ደቂቃ ላይ ከስዊዞቹ በረኛ ከቤናሊዮ የተለጋ ረጅም ኳስ መጨረሻው የስዊዙ አጥቂ ዴርዲዮክ እግር ስር ሆነ፣ ዴርዲዮክ ሰንጥቆ ገባ፣ የስፔኑ በረኛ ካሲያስ ወጥቶ ተጋጠመው፣ ፒኬም ተደርቦ ወደቀ፣ እነሱ መሬት ላይ ሲተራመሱ ኳሷ አፈትልካ ወጣችና ጌልሰን ፈርናንዴዝ የሚባል ተከላካይ አማካይ ደርሶ ገፍቶ አስገባት። በዚሁ 1 ለ 0 አለቀ። ያን ቀን ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ነበር ያየነው፣ ጎሉ ሲገባ ቤቱ ውስጥ የወረደው ዝምታ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል፣ አብዛኛው ሰው የስፔን ደጋፊ ነበራ።

አሁን የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፣ ያን ጊዜ አልተወለደም። በቀደም ስለ አማካዮች ስናወራ የጌልሰንን ስም ብጠራለት ምንም ሳያስብ «ስፔንን ያሸነፈው ነው አይደል?» አለኝ። ከየት አወቅከው ስለው ስልኩ ላይ ነው። ቀጠል አርጎ ደግሞ «ግን እኮ ብዙ ፎሎወር የለውም» አለኝ። እና እዚህ ጋ ነው ነገሩ ደስ የሚለው፣ ምክንያቱም ልጁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው ያያቸው፣ አብዛኞቻችንም እንደዛው ነን። አንድ ሰው ኦንላይን ላይ ታዋቂ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ስንት ሰው ይከተለዋል ነው? ስንት ሰው ስሙን ይፈልጋል ነው? ስንት ሰው ቪዲዮውን አየ ነው? ስንት ሰው ስሙን ጠርቶ ያወራል ነው? አራቱም የተለያየ ሰው ነው የሚያወጡልህ፣ ጫማውን የሰቀለ አማካይ ላይ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል።

ከፎሎወር ልጀምር። ኢንስታግራም የተከፈተው ኦክቶበር 2010 ነው፣ ማለትም ጌልሰን ጎሏን ካስገባ ከአራት ወር ገደማ በኋላ። ይሄን ቆም ብላችሁ አስቡት። በህይወቱ በጣም ብዙ ሰው ስሙን በጠራበት ሳምንት ያ ሁሉ ሰው ሄዶ ፎሎው የሚልበት በር ራሱ አልተሰራም ነበር፣ ቲክቶክ የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ የለም። ፌስቡክና ትዊተር ነበሩ፣ ግን ተጫዋች ራሱ አካውንት ከፍቶ በየቀኑ ፎቶ የሚለጥፍበት ዘመን ገና አልደረሰም። ፎሎወር እንዴት ነው የሚሰበሰበው? አንድ ትልቅ ነገር ይፈጠራል፣ ሰው በዛው ሰዓት ስልኩን አውጥቶ ስሙን ይፈልጋል፣ ፎሎው ይላል፣ ከዛ በኋላ ይረሳዋል፣ ቁጥሩ ግን እዛው ይቀራል። ያቺ የመጀመሪያ ሰዓት ካለፈች አለፈች ነው።

ለማነጻጸር ሌላ የስዊዘርላንድ ቀን ላንሳ። ጁን 28 2021 ቡካሬስት ላይ ስዊዘርላንድ ከፈረንሳይ 3 ለ 3 ወጥታ በፔናሊቲ ያሸነፈችበት ጨዋታ ትዝ ይላችኋል? ካሜራው ትሪቡን ላይ አንድ ደጋፊ አሳየ፣ መጀመሪያ ተስፋ ቆርጦ እንባው ሊመጣ ሲል፣ ከዛ ሸሚዙን አውልቆ ሲጮህ፣ በአንድ ሌሊት ዓለም ሁሉ አወቀው። ኳስ ያልነካ ሰው ነው! በ2010 የዓለም ሻምፒዮን የሆነችውን ስፔንን ብቻውን በአንድ ጎል የጣለው ልጅ ያላገኘውን ነገር ደጋፊው በ2021 አገኘ፣ ልዩነቱ የስራው ትልቅነት ሳይሆን በዛ ሰዓት የነበረው መሳሪያ ነው። ስለዚህ የ2010ን ተጫዋች ፎሎወር ከ2021 ጋር ማወዳደር ሬዲዮ ከመምጣቱ በፊት የነበረን አዝማሪ በካሴት ሽያጭ እንደመለካት ነው።

ሰርች ግን ሌላ ነገር ነው። ሰርች የሚያደርግ ሰው ወዳጅ መሆን አይጠበቅበትም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሰርች የሚከተለው ካላንደርን ነው። የጌልሰን ጎል ካላንደር ላይ ተቸንክራ የቀረች ጎል ናት፣ ለምን ብትሉ ስፔን ያን ጨዋታ ተሸንፋ ዋንጫውን በላች። ጁላይ 11 ጆሃንስበርግ ላይ ኢኒየስታ 116ኛው ደቂቃ ላይ ኔዘርላንድን ሲጥል ስፔን የመጀመሪያ ጨዋታዋን ተሸንፋ የዓለም ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ስፔን እዛ ውድድር ላይ በጠቅላላ የገባባት ሁለት ጎል ብቻ ነው፣ አንዱ የጌልሰን ነው፣ አንዱ የቺሊ። ስፔን ሩብ ፍጻሜ ላይ ወድቃ ቢሆን ኖሮ የጌልሰን ጎል ስዊዝ ውስጥ ብቻ የምትነሳ ትዝታ ትሆን ነበር። ታሪኳን ትልቅ ያደረጋት የተሸናፊው ድል ነው፣ እሷን የተሸከማት ስፔን ነው ማለት ይቻላል።

ለዛ ነው አንድ ትልቅ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን በተሸነፈ ቁጥር ስሙ የሚመለሰው። ኖቬምበር 22 2022 ሳውዲ አረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የሆነውን አስታውሱ፣ ሜሲ አለቀለት ሲባል ወዲያው ሌላው ወገን «ስፔንም እኮ በ2010 በስዊዘርላንድ ተሸንፋ ነው የጀመረችው» አለ፣ ከዛ ማን ነበር ያስገባው ይመጣል፣ ከዛ ሰው ጎግል ይገባል። አርጀንቲናም ዋንጫውን በላችና ሁለተኛዋ አገር ሆነች፣ በዚህም የጌልሰን ጎል ጓደኛ አገኘች፣ ከእንግዲህ ሁለቱ ታሪኮች አብረው ነው የሚጠሩት። ለተጫዋቹ ይሄ ምንም ሳያደርግ የመጣለት ነገር ነው፣ 2022 ላይ ኳስ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ቁጥሩን ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ነጻ ቦታ አለ፣ ሁለቱም ግን አነባበብ ይፈልጋሉ። ጎግል ትሬንድስ ላይ ስሙን ስትጽፉ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ መስመር ያወጣላችኋል፣ ብዙ ሰው 100 ሲያይ 100 ሰው ወይ 100 ሺህ ሰው ይመስለዋል፣ አይደለም። 100 ማለት እናንተ በመረጣችሁት ጊዜና ቦታ ውስጥ ስሙ በብዛት የተፈለገበት ወቅት ማለት ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ አንጻር ነው የሚለካው። አሁን ከ2004 ጀምሮ እስከ ዛሬ ብላችሁ ብትከፍቱት የዓለም ዋንጫዋ ወር ጣሪያውን ትነካና ሌላው ሁሉ መሬት ላይ የተኛ ይመስላል፣ አይ ይሄ ሰው ተረስቷል ትላላችሁ። ጊዜውን አጥብባችሁ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ብቻ ብታዩ ግን ያው የተኛው መስመር ኮረብታ ኮረብታ ይሆናል። ሰውየው አልተለወጠም፣ የተለወጠው መለኪያው ነው። ይሄን ሳያዩ «ተረስቷል» ወይ «ታዋቂነቱ በ100 ደርሷል» የሚሉ ፖስቶችን ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ከመቼ እስከ መቼ?» ይሁን።

ሁለተኛው ዊኪፒዲያ ነው። የማንኛውም ሰው ገጽ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ለማንም ክፍት ነው፣ እዚህ እውነተኛ ቁጥር ነው የምታገኙት፣ ሰው የከፈተውንና ማሽን የከፈተውን እንኳን ለይቶ ያሳያችኋል። ችግሩ መሳሪያው የሚያሳየው ከ2015 አጋማሽ ወዲህ ያለውን ነው፣ የ2010ን ጫፍ እዛ ላይ አታገኙትም። ሌላ ደግሞ እያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ገጽ ነው ያለው፣ አንዱን ቋንቋ አይቶ መፍረድ ልክ አይሆንም፣ ስዊዞች ላይ ሲሆን ይሄ በጣም ከባድ ነው። ስዊዘርላንድ 9 ሚሊዮን ገደማ ህዝብ ነው ያላት፣ እሱም በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በሮማንሽ የተከፋፈለ ነው፣ ስለዚህ የስዊዝ ተጫዋች እንደ ብራዚል ተጫዋች በአንድ ቋንቋ የሚጮህለት መቶ ሚሊዮን ህዝብ የለውም። ጌልሰን ደግሞ ተወልዶ የመጣው ከኬፕ ቨርዴ ከፕራያ ከተማ ነው፣ በልጅነቱ ነው ስዊዝ የገባው፣ ያደገው ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ሲዮን ነው፣ ከዛ ማንቸስተር ሲቲ፣ ሴንት ኤቲየን፣ ኪየቮ፣ ሌስተር፣ ኡዲኔዜ፣ ስፖርቲንግ ሊዝበን፣ ፍራይቡርግ፣ ሬን፣ መጨረሻ ላይ አይንትራኽት ፍራንክፈርት። ስዊዝን ጨምሮ ስድስት አገር ማለት ነው። በየሄደበት ትንሽ ትንሽ ሰው ያስታውሰዋል፣ አንድ ላይ ብትደምሩት ብዙ ነው፣ ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለማይታይ ማንም አይደምረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ክለብ መቀያየሩ ለሌላ ነገር ጠቅሞታል። አሁን ስልክ ላይ የሚጫወቱ የኳስ ጥያቄዎች አሉ አይደል፣ «ማን ሲቲም ሌስተርም የተጫወተ ጥራ»፣ «የዚህን ተጫዋች የክለብ ዝርዝር አይተህ ስሙን ገምት» የሚሉት፣ እነሱ ላይ እንደ ጌልሰን ያለ ተጫዋች ወርቅ ነው። በአንድ ክለብ 15 ዓመት የቆየ ኮከብ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፣ በውሰት በውሰት እየዞረ የተጫወተ ግን ብዙ ሳጥን ይሞላል።

አሁን ስለ ስም ላውራ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይሄ ነው። ጌድሰን ፈርናንዴዝ የሚባል የፖርቹጋል አማካይ አለ፣ በ1999 የተወለደ፣ ከቤንፊካ የወጣ፣ በ2020 መጀመሪያ ቶተንሃም በውሰት የመጣው። ጌልሰን፣ ጌድሰን። አንድ ፊደል ናት። ሁለቱም አማካይ፣ ሁለቱም ፈርናንዴዝ፣ ሁለቱም የተወለዱት ፖርቹጋልኛ በሚነገርበት የአፍሪካ ደሴት ላይ ነው፣ አንዱ ኬፕ ቨርዴ አንዱ ሳኦ ቶሜ። ስለ ጌድሰን ዝውውር በተወራ ቁጥር ስንቱ ሰው ተሳስቶ «ል» ብሎ ይጽፋል፣ ያ ሁሉ ስህተት በጌልሰን ስም ይቆጠራል። ከዛ ደግሞ ጌልሰን ማርቲንስ የሚባል ሌላ ተጫዋች አለ፣ ኤዲሚልሰን ፈርናንዴዝ የሚባለው የአጎቱ ልጅም የስዊዝ አማካይ ነው። በእኛ ፊደል ስንጽፈው ይባስ ብሎ ጌልሰን፣ ጄልሰን፣ ዤልሶን እያልን ሦስት ቦታ እንበትነዋለን። ስለዚህ የአንድ ሰው ሰርች ድንገት ከፍ ሲል እሱ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ቪው ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ጎሏን የቀረጸው ካሜራ የፊፋ ነው፣ ምስሉም የፊፋ ንብረት ነው። አንድ ሰው ያቺን ክሊፕ ዩቲዩብ ላይ ቢጭን ሲስተሙ የቪዲዮውን አሻራ ከባለቤቱ ኮፒ ጋር አመሳክሮ ያገኘዋል፣ ወይ ይዘጋዋል ወይ ገቢውን ለባለቤቱ ያዞረዋል። ይሄ ለተጫዋቹ ምን ማለት ነው? በህይወቱ ትልቋን ጎል በራሱ ገጽ ላይ እንደልቡ መለጠፍ አይችልም ማለት ነው። ሚሊዮን ሰው ቢያያት ቪውው የሚሄደው ለሌላ ሰው አካውንት ነው። ስለዚህ እሱ ገጽ ላይ ትንሽ ላይክ አይታችሁ ማንም አላየውም አትበሉ፣ የታየው ሌላ ቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን ከልቤ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ጌልሰን ለስዊዘርላንድ 67 ጊዜ ተጫውቷል፣ ያስገባው 2 ጎል ነው። ስራው ጎል አልነበረም እኮ! ስራው ኳስ መንጠቅ፣ ክፍተት መዝጋት፣ የጎን ተከላካዩ ሲወጣ ቦታውን መሸፈን፣ ሌላው ሰው እንዲያበራ መሮጥ ነበር። ስዊዘርላንድ ከ1994 ጀምራ እስከ 2010 በዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች 559 ደቂቃ ጎል ሳይቆጠርባት ቆይታለች፣ ሪከርድ ነው፣ ከዛ ውስጥ የስፔኑ 90 ደቂቃም አለበት፣ ቺሊ 75ኛው ደቂቃ ላይ እስክትሰብረው ድረስ። 559 ደቂቃን በ10 ሰከንድ ክሊፕ እንዴት ታሳያለህ? አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ስልኩ ላይ የትኛው ቪዲዮ እንደሚመጣልን የሚመርጠው ሲስተም፣ የሚያየው ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አየው ወይስ አሳለፈው የሚለውን ነው፣ ጎል እስከ መጨረሻ ይታያል፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ ቆሞ ተጋጣሚ ኳስ እንዳያሳልፍ ያደረገ አማካይ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያየውም፣ ምክንያቱም የሚታይ ነገር አልተፈጠረም፣ እሱ ነው እንዳይፈጠር ያደረገው። ፍራንክፈርትም በ2018 በርሊን ላይ ባየርንን 3 ለ 1 አሸንፎ የጀርመንን ዋንጫ ሲበላ የክለቡ ተጫዋች ነበር፣ የፍራንክፈርት ሰው ይሄን ያውቃል፣ ስልኩ ግን የሚያመጣልን ሁሌም ያቺን የደርባን ትርምስ ነው።

ሌሎቹ ጡረታ የወጡ የስዊዝ አማካዮችም የየራሳቸው መንጠቆ አላቸው። ጎክሃን ኢንለርን በ2011 ናፖሊ ሲያስፈርመው የክለቡ ባለቤት ደ ላውሬንቲስ የፊልም ሰው ነውና ተጫዋቹን የአንበሳ ጭንብል አድርጎ ለጋዜጠኞች አቀረበው፣ ኢንለር ስዊዘርላንድን በአምበልነት የመራ፣ በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ያ ጭንብል ከእግሩ በላይ ተጉዟል። በዛ ላይ ቤተሰቡ ቱርክ ስለሆነና ቱርክም ሄዶ ዋንጫ ስለበላ የራሱ የቱርክኛ አንባቢ አለው። ቫሎን ቤህራሚ ደግሞ ሚትሮቪጻ ኮሶቮ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ የመጣ ነው፣ አራት የዓለም ዋንጫ ላይ ነበር፣ በ2018 የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዋን ላራ ጉትን አገባ፣ እሷ በ2022 ቤጂንግ ላይ ወርቅ ስትወስድ ስሟ ላይ ቤህራሚ የሚለው ተጨምሮ ስለነበር የሱ ስም ኳስ የማያይ ሰው ጋ ሁሉ ደረሰ። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ናቸው፣ አንዱን ጎል ይመልሰዋል፣ አንዱን አንድ ምስል፣ አንዱን የቅርብ ሰው። ሦስቱም ግን ስዊዝ ውስጥ ብቻ ቢሆኑ ይሄን ያህል አይሰፉም ነበር፣ ከኋላቸው ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ህዝብ አለ።

ጌልሰን ካቆመ በኋላ ፊፋ ገብቶ የአፍሪካ አባል ፌዴሬሽኖች ዳይሬክተር ሆኗል፣ 54ቱን ማለት ነው፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም አንዱ ነው። ይሄ ደግሞ አራተኛ ዓይነት ታዋቂነት አምጥቶለታል። ፌዴሬሽኖች ስብሰባና ስልጠና ሲኖራቸው የሚለጥፉት ፎቶ ላይ ሱፍ ለብሶ ቆሞ ታዩታላችሁ፣ ስሙም ከማዕረጉ ጋር ይጻፋል፣ በርካታ ወጣት የፌዴሬሽን ሰራተኛ መጀመሪያ የሚያውቀው በዚህ ነው፣ ጎሏን በኋላ ነው የሚሰማት። ለኔ ይሄኛው ነው በጣም ደስ የሚለኝ፣ ምክንያቱም በስራው ስሙ እየተጠራ ነው፣ ያውም ሜዳ ላይ ይሰራ የነበረውን ዓይነት ስራ፣ ሌላው እንዲጫወት ቦታ ማመቻቸት።

እና አንድ የቀረችኝን ልንገራችሁ። ኬፕ ቨርዴ ኦክቶበር 2025 ላይ ኤስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ዲሴምበር ላይ የ2026ቱ ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ምድብ ኤች ውስጥ ከማን ጋር ደረሳት? ከስፔን ጋር። በ2010ም ስፔንና ስዊዘርላንድ የተገናኙት ምድብ ኤች ውስጥ ነበር። ፕራያ የተወለደ ልጅ ስፔንን ያሸነፈበት ፊደል ማለት ነው። ለእህቴ ልጅ ይሄን ስነግረው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፣ «ል» ነው «ድ» ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ «ል» ነው አልኩት።